ሶፍትዌር በአንድ ሌሊት ይሠራል፤ ማግስቱንስ ማን ይጠብቀዋል?

የማርና የጤፍ ዋጋ የፈለገ ሰው ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ወጥቶ ይጠይቃል፤ ሦስት ሻጭ ካነጋገረም ልኩን ያውቀዋል። የሶፍትዌር ዋጋ ግን ምንጊዜም የጓዳ ጉዳይ ነው። አንዱ አቅራቢ የሚጠይቀው ሌላው ከሚጠይቀው እጥፍ ድርብ ሲሆን ገዢው ልዩነቱ ከምን እንደመጣ የሚለይበት ሚዛን የለውም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግን አንድ መለያ ነበረው። ‹‹እስቲ ሠርታችሁ አሳዩኝ›› ይላል፤ ሠርቶ ያሳየ ይታመናል። አሁን ገበያውን እያናጋው ያለው ይህ መለያ ዋጋ ማጣቱ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። በላሊበላ ከተማ ስምንት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ የከፈተ ሰው አለ እንበል። እንግዶቹ የከተማውን አብያተ ክርስቲያናት ካዩ በኋላ ይምርሐነ ክርስቶስን ማየት ይፈልጋሉ። ቦታው በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። ከመኪና ተወርዶ በጽዱ መካከል ሽቅብ የሚወጣ መንገድም አለው። መኪናው ለብቻ፣ አስጎብኚው ለብቻ፣ በቅሎ የፈለገ በቅሎው ለብቻ፣ የመግቢያው ክፍያም ከላሊበላው የተለየ ነው። ይህን ሁሉ በስልክና በደብተር ሲያስተባብር የኖረው ባለ ማረፊያ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ቻት ጂፒቲን ወይም ክሎድን ከፍቶ የሚፈልገውን ቢነግረው፣ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ፎቶ ያለው፣ የቀን መቁጠሪያ ያለው፣ ‹‹ክፈል›› የሚል አረንጓዴ ቁልፍ ያለው መተግበሪያ ያገኛል። ከኮዱ አንዲት መስመር አላነበበም። አንድሬ ካርፓቲ የተባለው ዕውቅ የኮምፒውተር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ለዚህ አሠራር ‹‹ቫይብ ኮዲንግ›› የሚል ስም አውጥቶለታል። ስሙ ራሱ ነገሩን ይገልጸዋል። ሰውየው ኮዱን ረስቶ በስሜቱ እየተመራ ያሠራል ማለት ነው።

ይህን የሚንቁ የሙያው ሰዎች አሉ። ንቀታቸው ግማሹ ቅናት ይመስላል። ናሙና በርካሽ መገኘቱ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ጥቅሙም ለክርክር መነሻ መሆኑ ነው። ለአስጎብኚዎች ማኅበር አባላት በወረቀት የተጻፈ የአሠራር ሐሳብ ቢሰጣቸው አንገታቸውን ነቅንቀው ይፈርማሉ። ስክሪን ላይ የሚነካ ነገር ቢያዩ ግን አንዱ ‹‹ተራው እንዲህ አይደለም›› ይላል፤ ሌላው ‹‹ፈረንሳይኛ የሚችል ሲፈለግ ተራ ይዘለላል›› ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ‹‹የበቅሎ ሒሳብ ከአስጎብኚው ሒሳብ ጋር አይቀላቀልም›› ብሎ ይነሳል። ድሮ እንዲህ ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ፕሮግራሙ ተገዝቶ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ የርክክብ ሰነድ ከተፈረመ በኋላ ነበር። አሁን በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል። ስንት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማንም የማይጠቀምበትን ሶፍትዌር ገዝቶ ኮምፒውተር ውስጥ እንዳስቀመጠ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ቁጠባ አይደለም።

ጥያቄው የሚጀምረው ባለ ማረፊያው ‹‹ይኸው አለቀ›› ብሎ አድራሻውን ለእንግዶች መላክ ሲጀምር ነው።

ከአረንጓዴው ቁልፍ ጀርባ

እንግዳው ከአዲስ አበባ በቴሌብር ከፈለ እንበል። ገንዘቡ ከሒሳቡ ወጣ። ‹‹ተከፍሏል›› የሚለው መልስ ወደ መተግበሪያው ሳይደርስ ግን ኔትወርክ ተቋረጠ። ስክሪኑ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። እንግዳው ምን ያደርጋል? ቁልፉን ደግሞ ይጫናል። ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው? ክፍሉስ ተይዞለታል ወይስ አልተያዘለትም? አንድ የቀረውን ክፍል በገና ዋዜማ አዲስ አበባ ያለውና ሚላኖ ያለው እንግዳ በአንድ ቅጽበት ቢጫኑትስ?

በወጉ የተሠራ ሶፍትዌር ለእነዚህ መልስ አለው። እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ ቁጥር ስላለው አሥር ጊዜ ቢጫኑት አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል። ክፍያውና ክፍሉ አብረው ይጸናሉ፣ ካልሆነም አብረው ይሰረዛሉ እንጂ አንዱ ሆኖ ሌላው ሳይሆን አይቀርም። ማታ ማታ የመተግበሪያው መዝገብ ከቴሌብር መግለጫ ጋር ይታረቃል፤ ያልተገናኘውን ሰው ያየዋል። ከዚህ አንዱም በስክሪን አይታይም። ናሙናውንና በወጉ የተሠራውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለገዢ ቢያሳዩት ሁለቱ መንታ ናቸው፤ እንዲያውም ናሙናው ያምራል።

የአገሩ ጠባይ ደግሞ ሌላ ነው። እንግሊዝኛ የለመደው መሣሪያ ለእንግዳው መመዝገቢያ ‹‹የቤተሰብ ስም›› የሚል ሳጥን ይሠራል፤ ባልና ሚስት በአንድ ስም እንዲመዘገቡም ይጠብቃል። ‹‹ኃይሉ›› ተብሎ የተመዘገበን ሰው እንግዳ ተቀባዩ ‹‹ሀይሉ›› ብሎ ቢፈልገው ‹‹የለም›› ይለዋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚነሳ መኪና ለውጭ አገር እንግዳ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ሆኖ ይታየዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን አራት ዓመት ተደብቆ የሚቆየው ነው።

አብዛኛው ሰው መስከረም 1 ቀን ከሴፕቴምበር 11 ጋር እንደሚገጥም፣ ገናም ታኅሣሥ 29 እንደሆነ ያውቃል። በሦስቱ ዓመታት ልክ ነው። ጳጉሜ 6 ቀን ስትሆን ግን ተከታዩ ዓመት የሚብተው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ በዚያ ዓመት ገና የሚከበረውም ታኅሣሥ 28 ነው። በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነበር፤ ቀጣዩ 2020 ዓ.ም. ነው። ቀኑን በቋሚ ልዩነት የሚቆጥር ናሙና በ2018 ዓ.ም. ተሠርቶ በ2018 ቢፈተን፣ በ2019 ደግሞ ቢፈተን አንዲት ስህተት አይገኝበትም። ስህተቱ የሚገለጠው በ2020 ዓ.ም. መግቢያ ሆኖ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይቆያል። ላሊበላ በዓመቱ ትልቁን ገቢ የምታገኘው ደግሞ በእነዚሁ ወራት፣ ከዚያም ውስጥ በገና ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ሁለት ስህተት እርስ በርሱ ሊሸፋፈን መቻሉ ነው። አቆጣጠሩን የሳተና ገናን ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 ነው የሚል ፕሮግራም በፈረንጁ በኩል ጃንዋሪ 7 ይላል፤ ትክክል ነው። ደረሰኙ ላይ የሚያትመው ‹‹ታኅሣሥ 29›› ግን ግድግዳ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ጋር አይገጥምም። የክፍያና የክፍል ክርክር የሚነሳው እንዲህ ባለው አንድ ቀን ነው።

የብር ምንዛሪም ሌላ ምሳሌ ይሆናል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር ነበር፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዋጋውን በዶላር አስቦ በብር የሚያስከፍል፣ ምንዛሪውን ግን ኮዱ ውስጥ ቁጥር አድርጎ የቀበረ ፕሮግራም እንዲህ ባለው ሳምንት ባለቤቱን በየደረሰኙ ያከስረዋል። ናሙና ሲሠራ ‹‹ለጊዜው 57 እናድርገው›› ማለት ያለ ነው። ይህን ‹‹ለጊዜው›› ማን ያስታውሰዋል?

መጋቢት 2016

ትልልቆቹስ አይሳሳቱም ወይ የሚል ይኖራል። ይሳሳታሉ። ከመጋቢት 6 ለ7 ሌሊት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የገጠመው ለዚህ በቂ ነው። የአገሪቱ ትልቁ ባንክ የታወቀ የውጭ አገር የባንክ ሶፍትዌር ይጠቀማል፤ ባለሙያም ገንዘብም አለው። ሆኖም በሥርዓቱ ላይ በተደረገ ማሻሻያ ምክንያት በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ወሬው በስልክ መልእክት ዩኒቨርሲቲዎች ደረሰ፤ ተማሪዎች በገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ደጃፍ ሌሊቱን ተሰለፉ። ባንኩ አገልግሎቱን እስኪያቆም ሰዓታት አለፉ። በእነዚያ ሰዓታት ወደ 490 ሺህ የሚጠጋ ግብይት እንደተካሄደና 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደተወሰደ ባንኩ በኋላ አስታወቀ። የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነም ተናገረ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያነሳው ለስድብ ነው። ለሶፍትዌር ገዢ የሚጠቅመው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ባንኩ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ሒሳብ፣ ስንት እንደወሰደ በዝርዝር ያውቅ ነበር። ገንዘቡን እንዲመልሱ ጥሪ አደረገ፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ተመለሰ። አልመልስም ያሉ 567 ሰዎችን ስምና ፎቶግራፍም ይፋ አደረገ። ስምና ፎቶ መለጠፉ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ያለ መዝገብ ግን የሚለጠፍ ስምም፣ የሚመለስ ገንዘብም አይኖርም ነበር።

እንግዲህ የድርጅት ደረጃ ሶፍትዌር የሚባለው የማይሳሳት ማለት አይደለም። ስህተቱ በደረሰ ማግስት ምን እንደሆነ የሚናገር፣ ወደ ኋላ የሚመለስ፣ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰውም ያለው ማለት ነው። ይኸው ነገር በባለ ማረፊያው መተግበሪያ ላይ ቢደርስስ? የስልኩን ስክሪን ከማየት ሌላ የሚያደርገው የለውም። ኮዱን አላነበበውም።

በውጭው ዓለምም ምስክር አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 አንድ አሜሪካዊ ነጋዴ ሬፕሊት በተባለው መሣሪያ ፕሮግራም ሲያሠራ፣ ምንም ነገር እንዳይነካ ታዞ የነበረው ማሽን በሥራ ላይ ያለውን የመረጃ ቋት ደመሰሰው፤ ነገሩ በዓለም ጋዜጦች ወጣ፤ የኩባንያውም ኃላፊ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ላቨብል በተባለው መሣሪያ የተሠሩ 1,645 መተግበሪያዎች ሲፈተሹ በ170ዎቹ ውስጥ ያለውን የተጠቃሚዎች መረጃ ማንም ሰው ሊያየው እንደሚችል ታወቀ። ከአሥሩ አንዱ ማለት ነው። ባለ ማረፊያው የሚሰበስበው የእንግዶች ፓስፖርት ቁጥር እንደሆነ ሲታሰብ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ መረጃው ቢወጣ ተጠያቂው መረጃውን የሰበሰበው እንጂ ኮዱን የጻፈው ማሽን አይደለም።

ዘጠኝ እጅ

ፍሬድ ብሩክስ የሚባል የአይ.ቢ.ኤም. ሰው ነበር፤ በ1960ዎቹ የኩባንያውን ትልቁን የኮምፒውተር ፕሮግራም ያሠራ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ግምት አስቀመጠ። ሠሪው ራሱ የሚጠቀምበትን ፕሮግራም ለመሥራት አንድ ብር ቢወጣ፣ ያንኑ ሌሎች ሰዎች እንዲጠቀሙበት ለመፈተንና ሰነድ ለማዘጋጀት ሦስት እጥፍ ይወጣል። ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ተጣጥሞ እንዲሠራ ለማድረግም ሦስት እጥፍ ይወጣል። ሁለቱም ከተፈለጉ ዘጠኝ እጥፍ ነው።

አሁን ያቺ አንድ ብር ወደ አምስት ሳንቲም ወርዳለች። ‹‹እንግዲያው ዘጠኙም ወደ አርባ አምስት ሳንቲም ይወርዳል›› የሚሉ ሻጮች አሉ። ስሌቱ ግን አይሠራም፤ የቀሩት ስምንቱ የኮድ መጻፊያ ዋጋ አልነበሩምና። የምን ዋጋ ናቸው? ከባለ በቅሎው ጋር ተቀምጦ ሒሳቡ እንዴት እንደሚሄድ የመጠየቅ፣ የቴሌብርን አሠራር ከራስ መዝገብ ጋር የማስታረቅ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን አውቆ ሆን ብሎ ኔትወርኩን እየነቀሉ የመሞከር፣ ሌሊት ስልክ ሲደወል የማንሳት ዋጋ ናቸው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከእነዚህ አንዳንዱን ያቀላል፤ መፈተኛ ፕሮግራም በመጻፍ ረገድ በእርግጥ ይረዳል፤ ሰነድም ያዘጋጃል። ሌሊት ስልክ ማንሳቱን ግን አያቀለውም።

ልምድ ላለው ሰው እንኳ ቁጠባው እንደሚወራው ላይሆን ይችላል። ሜትር የተባለ የአሜሪካ የጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮችን ለረጅም ጊዜ በሚያውቁት ትልልቅ ሥራ ላይ 246 ተግባር አሠርቷቸው ነበር። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲታገዙ 19 በመቶ ዘገዩ። ሥራው ካለቀ በኋላ ሲጠየቁ ግን 20 በመቶ እንደፈጠኑ ነበር የሚያምኑት። ጥናቱ አነስተኛ ነው፤ መሣሪያዎቹም ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል። የፈጠነ የሚመስለውና የፈጠነው አንድ አለመሆናቸውን ለማሳየት ግን ይበቃል።

የማሩ ጣሳ

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ በጻፈው ጥናት፣ ማይክል ስፔንስ ደግሞ በ1973 ስለ ሥራ ገበያ ባሳተመው ጥናት የተናገሩት ዛሬ በሶፍትዌር ገበያ ላይ ልክ ይገባል፤ ሁለቱም በ2001 የኖቤል ሽልማትን የተጋሩ ናቸው። ገዢ ጥራትን መለየት ካልቻለ የሚከፍለው የአማካዩን ዋጋ ነው፤ በአማካይ ዋጋ ደግሞ ጥሩውን የያዘው ሻጭ ይከስርና ይወጣል፤ ገበያው ለመጥፎው ይቀራል። ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው ለጥሩው ሻጭ ቀላል፣ ለመጥፎው ግን ውድ የሆነ ምልክት ነው።

ሠርቶ ማሳየት እንዲህ ያለ ምልክት ነበር። ሥራውን የማያውቅ ሰው የሚሠራ ነገር ማሳየት አይችልም፤ ቢችልም ወራት ይፈጅበታል። አሁን አጭበርባሪውም ባለሙያውም በአንድ ሌሊት አንድ ዓይነት ስክሪን ይዘው ይቀርባሉ። ማር ሻጮች ሁሉ ጣሳቸውን ከላይ ሁለት ጣት ንጹሕ ማር ቀብተው የመጡ ያህል ነው። ገዢው በጣቱ ቢቀምስ ሁሉም ማር ነው።

ጉዳቱ በአብዛኛው የሚያርፈው በአገር ውስጥ ትንንሽ የሶፍትዌር ድርጅቶች ላይ ነው። አምስት ስድስት ወጣት ፕሮግራመር ቀጥሮ በወጉ ለመሥራት የሚሞክር የአዲስ አበባ ወይም የባሕር ዳር ድርጅት በዋጋ ከማይወዳደረው ሰው ጋር ይሰለፋል። የጨረታው ሰነድ ለ‹‹ማሳያ›› ነጥብ ይሰጣል፤ ለማግስቱ ነጥብ የለውም። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። መንግሥት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ብዙ ወጣት ወደዚህ ሙያ እንዲገባ እየጋበዘ ነው፤ መልካም ነው። ገበያው ለናሙና ብቻ የሚከፍል ከሆነ ግን እነዚህ ወጣቶች የሚማሩት ናሙና መሥራት ብቻ ይሆናል። ከባዱን ሥራ የሚፈልገው ባንክና መሥሪያ ቤትም እንደ ለመደው በዶላር ከውጭ ይገዛል።

ይህ ማለት ‹‹የድርጅት ደረጃ›› የሚል ማኅተም የለጠፈ ሁሉ ይታመን ማለት አይደለም። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሆራይዘን የሚባለውን ሶፍትዌር የገዛው ከታወቀ ትልቅ ኩባንያ ነበር። ሶፍትዌሩ የሌለ ጉድለት እያሳየ ከ1999 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ወኪሎች ገንዘብ አጉድላችኋል ተብለው ተፈረደባቸው፤ የታሰሩም አሉ። ድርጅቱ ግን ‹‹ማሽኑ አይሳሳትም›› ሲል ኖረ። አገር ውስጥም ቢሆን ሁለት ኮምፒውተር ላይ ለሚጫን የደረሰኝ ፕሮግራም የባንክ ሶፍትዌር ዋጋ የሚጠይቁ ሞልተዋል። ባለ ስምንት ክፍሉ ማረፊያ ሰርቨር በሁለት ከተማ አስቀምጦ ሌት ተቀን የሚጠብቅ ባለሙያ ይቅጠር የሚል ካለ ገበያውን አያውቅም። ለእርሱ ናሙናው ለፎቶና ለጥያቄ መቀበያ ይበቃዋል፤ ‹‹ክፈል›› የሚለውን ቁልፍ አውልቆ ክፍያውን እንደ ድሮው በቴሌብር ስልኩ ላይ ተቀብሎ በደብተር ቢመዘግብ ይሻለዋል። ደብተሩ መብራት አይፈልግም።

ይህ የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለወራት ቆየ። ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራም ለጊዜው ታግዶ ነበር። በዚያን ወቅት ሰርቨሩ አሜሪካ ያለ፣ ያለ ኢንተርኔት አንዲት ገጽ የማይከፍት ፕሮግራም ላይ ሙሉ መዝገቡን የጣለ ነጋዴ የማን ዕዳ እንዳለበት እንኳ ማየት አይችልም ነበር። ለላስታ የሚሠራ ሶፍትዌር ኔትወርክ ሳይኖር መዝግቦ፣ ኔትወርክ ሲመጣ የሚያስታርቅ መሆን አለበት። ሁለት ቦታ የተመዘገበን ነገር በኋላ ማስታረቅ ደግሞ ከሶፍትዌር ሥራ ሁሉ ከሚከብዱት አንዱ ነው። ባለ ማረፊያው ማሽኑን ይህን እንዲሠራለት አልጠየቀውም፤ ያልጠየቁትን ደግሞ ማሽኑ ብዙ ጊዜ አይሠራም።

‹‹ለጊዜው››

ላሊበላ ስለ ጊዜያዊ ነገር ከማንም በላይ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከላከል አራት ትልልቅ መጠለያዎች ተተከሉ። ጊዜያዊ ናቸው ተብሎ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማው ሕዝብ መጠለያዎቹ ራሳቸው በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ እንዳይወድቁ ፈርቶ ሰልፍ ወጣ። በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላ መጥተው የእድሳት ድጋፍ ቃል ገቡ። መጠለያውን መትከሉ ስህተት ነበር ለማለት አይቻልም፤ ዝናቡ እውነት ነበር። የጎደለው መቼ፣ በማን ወጪ፣ በምን ተተክቶ ይነሳል የሚለው ነው። ናሙና ሶፍትዌርም ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የሚነሳበት ቀን አይመጣለትም፤ ሰው ተላምዶታል፣ መረጃ ገብቶበታል፣ ለመተካት የተያዘ በጀት የለም።

የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ በዋሻ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ከላሊበላዎቹም እንደሚቀድም ይነገራል። ጎብኚው ፎቶ የሚያነሳው ነጩንና ጥቁሩን ግድግዳ ነው። በአካባቢው ትውፊት ሕንፃው የቆመው በውኃ ላይ በተነጠፈ እንጨት ላይ ነው። ካህናቱ ለእንግዳ አስቀድመው የሚነግሩትም ይህንኑ የማይታየውን ነው።

ገዢው ታዲያ ምን ያድርግ? ናሙናውን እንደ ናሙና ይግዛ፤ በትንሽ ዋጋ፣ ሥራ ላይ እንደማይውል በውሉ ተጽፎ። ዋናውን ሥራ ሲያዝ ግን ሥሩልኝ በማለት ፋንታ አፍርሱልኝ ይበል። አቅራቢው በዓይኑ ፊት የመረጃ ቋቱን ደምስሶ ከመጠባበቂያ ቅጂ ይመልስ፤ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ይጻፍ። ክፍያ በመካከል ላይ እያለ ኔትወርኩ ይነቀል። ከሦስት ወር በፊት የአንድን ክፍል ዋጋ ማን እንደለወጠው ይጠየቅና መዝገቡ ስም ይጥራ። ከዋጋው ግማሽ ያህሉ ርክክብ ላይ ሳይሆን በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ዓመታት በየሩብ ዓመቱ ይከፈል። ይህን ሲሰማ ዋጋውን የሚጨምር አቅራቢ ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ ‹‹ችግር የለም፣ በዚያው ዋጋ›› የሚለውን መጠርጠር ነው። አሁን ርካሽ ያልሆነው ምልክት ይህ ብቻ ነው፤ አጭበርባሪው ሦስት ዓመት ቆይቶ የሚከፈል ገንዘብ አይፈልግም።

ለላሊበላ ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚቀል አንድ ፈተና አለ። ማሳያው ስክሪን ላይ ሲከፈት ‹‹ለታኅሣሥ 28 ቀን 2020 ዓ.ም. አንድ ክፍል ያዝልኝ›› ማለት ነው። በፈረንጁ በኩል ጃንዋሪ 7 ቀን 2028 ካላለ ውይይቱ እዚያው ላይ ሊቆም ይችላል።